ነጎድጓዱ እስኪያልፍ

ክረምት ላይ ደመና ሲጠቁር የያዝኩትን ሥራ ትቼ ጓሮ እወጣለሁ። ሌላው ሰው ዝናብ ሲመጣ ወደ ቤት ይገባል፤ እኔ ግን አስቀድሜ ማየት አለብኝ። ከየት እንደተነሣ፣ ምን ያህል እንደቀረበ ሳላውቅ ቤት ውስጥ ብቀመጥ ልቤ አያርፍም። ቤታችን ከሐይቅ ከተማ ዳር፣ ትንሽ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው። ከጓሮው ቆሞ ላየ ሐይቁ ይታያል፤ ከሐይቁ ማዶ ደግሞ የአምባሰል ተራሮች። ኃይለኛው ዝናብ የሚመጣብን ከዚያ በኩል ነው።

ባለፈው ነሐሴ አንድ ቀን፣ ዙሁር ሰግጄ መስገጃዬን ሳጥፍ የመጀመሪያውን ሰማሁ። ከባድ መኪና በሩቅ ኮረኮንች ላይ የሚሄድ ይመስል ነበር። ወጣሁ። ተራራው አናቱ ጠቁሯል።

ልጄ በቆሎው መሀል ጎንበስ ብላ አረም ትነቅላለች። ከዐረብ አገር የተመለሰችው ግንቦት ላይ ነው፤ አምስት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ። በመጣች በሳምንቱ መቆፈሪያ አንሥታ ጓሮውን ገለበጠችው፤ በቆሎውንም ራሷ ዘራችው። ስትዘራም ስትኮተኩትም ታዲያ አንድ ቃል አላት፤ «ለአንቺ ነው እማ፤ እኔማ ለእሸቱ አልደርስም» ትላለች። እየሳቀች ነው የምትለው። እኔ አብሬያት እስቃለሁ፤ ሌሊት ግን እንቅልፍ የሚነሣኝ ይኸው ቃል ነው።

ነገሩ እውነት ነበርና። የጉዳይ አስፈጻሚው ሰውዬ እዚያው ዐረብ አገር አዲስ ሥራ አግኝቼልሻለሁ ብሏታል። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ደውሎ ቁርጡን ሊነግራት፣ እሷም እሺ ወይም እንቢ ልትለው ነበር። ካላነሣች ለሌላ ሰው ይሰጠዋል። እኔ «አትሂጂ» ብያት አላውቅም። እንዴት ልበላት? ከሣር ቤት አውጥታ ቆርቆሮ ቤት ያስገባችኝ እሷ ናት። በላቧ ያለበሰችውን ጣሪያ ተጠልዬ አትሂጂ ለማለት አፌ አይደፍርም።

መብረቅ መፍራቴን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ልጅ ሆኜ አምባሰል ውስጥ፣ የአባቴ በሬ ዋንዛ ሥር ተጠልሎ መብረቅ ሲጥለው አይቻለሁ። ገላው ላይ ቁስል እንኳ አልነበረም፤ የተኛ ነበር የሚመስለው። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ከተማርኩት ብዙው ጠፍቶብኛል። አንድ ነገር ግን አልጠፋኝም። መምህራችን ብልጭታውን ስታዩ መቁጠር ጀምሩ፣ ድምፁ እስኪመጣ ብዙ ከቆጠራችሁ ሩቅ ነው፣ ቶሎ ከመጣ ቅርብ ነው ብለውናል። እስከ ዛሬ እቆጥራለሁ። ሌላው ከእናቴ የወረስኩት ነው፤ መስታወት መሸፈን፣ ቀይ ልብስ ከገመድ ማውረድ፣ ዛፍ ሥር አለመቆም። ዘመን ሲጨምር እኔም ጨምሬበታለሁ፤ የቴሌቪዥኑን ሶኬት እነቅላለሁ፤ በቤቱ ያለውን ስልክ ሁሉ አጥፍቼ የልብስ ሳጥን ውስጥ እከታለሁ። ስልክ መብረቅ ይስብ አይስብ እርግጠኛ አይደለሁም። ልጄ አይስብም ትላለች። በማላውቀው ነገር ግን ልጄን አላስይዝም።

ጎረቤቴ ከአጥሩ ማዶ ያሰጣችውን ብቅል እያፈሰች አየችኝ። በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ ክርስቲያን ናት፤ ሠላሳ ክረምት አብረን አሳልፈናል።

«አንቺ፣ ዘንድሮም ስልኩን ልትቀብሪው ነው?»

«ምን ላድርግ እትዬ፤ እርስዎም ቶሎ ይግቡ።»

«እኔን መብረቅ ምን ያደርገኛል? ቆዳና አጥንት ነኝ፤ ለእሱም አልበቃም!»

ይህን ብላ ሳትጨርስ ከሐይቁ ላይ ጓ አለ። «በስመ አብ!» ብላ ብቅሏን በግማሽ ትታ ሮጠች። ልጄ በሳቅ ልትወድቅ ነበር።

ልጄ በረንዳው ላይ ስትደርስ ስልኳን እንድትሰጠኝ እጄን ዘረጋሁላት። ስልኩን ከኪሷ አወጣች፤ ግን አልሰጠችኝም።

«እማ፣ ሰውዬው ዛሬ ነው የሚደውለው።»

«አውቃለሁ።»

«ካጣኝ ለሌላ ይሰጠዋል።»

«አውቃለሁ ልጄ። ነጎድጓዱ ሲያልፍ ራሴ አወጣልሻለሁ።»

ትንሽ አየችኝና አጥፍታ ሰጠችኝ። ሳጥኑን ከፍቼ ከልብሱ ሥር ከተትኩት። ያደረግሁት ሁልጊዜ የማደርገውን ነው። ግን ለመብረቁ ሳይሆን ለራሴ ብዬ ያደረግሁት እንዳይመስላት ፈራሁ።

በረንዳው ላይ የእንጨት ዱካ ስበን ተቀመጥን። ዝናቡ አይቸኩልም ነበር። መጀመሪያ የአምባሰል ተራሮች ጠፉ። ከዚያ ሐይቁ ለሁለት ተከፈለ፤ ወዲያኛው ግማሽ አመድ መሰለ፣ ወዲህኛው ገና ሰማያዊ ነው። አመዱ እየሰፋ መጣና የእስጢፋኖስ ገዳም ዛፎች አንድ በአንድ ተሸፈኑ።

«እዚያ አገር ነጎድጓድ ሰምቼ አላውቅም» አለች ልጄ። «የምትጮኸው ማዳም ብቻ ናት።»

«እሷስ ከመጮኋ በፊት ብልጭ ትላለች?»

«ዓይኗ ብልጭ ይላል። ግን ለመቁጠር ጊዜ አትሰጥም።»

ሳቅን። ስለዚያ ቤት ከነገረችኝ ትንሽ ነገር አንዱ ይህ ነው። ልጠይቃት ፈለግሁ፤ ግን ነፋሱ ደረሰ።

ከዝናቡ ቀድሞ የእርጥብ አፈር ሽታ መጣ። የዱባው ቅጠል ተገለበጠና ነጭ ሆዱን አሳየ። ጥቂት ትልልቅ ጠብታዎች አቧራው ላይ ወደቁ፤ ወዲያው ሁሉም አንድ ጊዜ ወረደ። ቆርቆሮው መጮህ ጀመረ። ብልጭ ሲል «አንድ፣ ሁለት» ብዬ ሦስት ሳልል ምድሩ ተናወጠ። «ሱብሐነላህ» አልኩ፤ የልጄን እጅ ያዝኩ። ነፋሱ በቆሎውን ከወዲያ ወዲህ ሲያወዛውዘው ቆየና በአጥሩ በኩል ያለውን ተራ እንዳለ አስተኛው።

«እማ፣ በቆሎው!» ብላ ብድግ አለች።

«ተቀመጪ!»

«አብሽሪ እማ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ደግፌው…»

«ሲያልፍ ትደግፊዋለሽ። ከእኔ እጅ አትወጪም!»

ተቀመጠች። እጇን ግን አልለቀቅሁም፤ እሷም አላስለቀቀችኝም። ዓይኗ ከወደቀው በቆሎ ላይ አልተነሣም። ጎን ለጎን ሆነን አንዳችን የሌላችንን ድምፅ መስማት አንችልም ነበር። ያኔ ከግንቦት ጀምሮ የታነቀብኝን ቃል «አትሂጂብኝ» ብዬ ተናገርኩት። ቆርቆሮው ዋጠው። እኔ ራሴ አልሰማሁትም።

ቀስ እያለ ወደ ደሴ በኩል ሄደ። ቁጥሬ እየረዘመ መጣ፤ አምስት፣ አሥር፣ ሃያ። በመጨረሻ ብልጭ ሲል ቆጥሬ ቆጥሬ ድምፅ አጣሁ። ቃሌ ቃል ነውና ገብቼ ሳጥኑን ከፈትኩ፤ ስልኩን አውጥቼ ይዤላት መጣሁ።

«ይኸው ልጄ።»

ጫማዋን አውልቃ ሱሪዋን እስከ ጉልበቷ ጠቅልላለች። ስልኩን አየችው፤ ከዚያ በቆሎውን አየች።

«ገና ነው እማ» አለች። «ያጉረመርማል።»

ጆሮዬን አቀናሁ። ከክፈፉ ወደ በርሜሉ ከሚንጠባጠበው ውሃ በቀር ምንም የለም። ነጎድጓድ ከሰው ሁሉ ቀድሜ የምሰማ ሴት ነኝ፤ ያን ዕለት ግን ምንም አልሰማሁም።

«አዎ» አልኳት፤ «ያጉረመርማል።» ስልኩን ወደ ሳጥኑ መለስኩት።

ከዚያ ሁለታችንም በባዶ እግራችን ጓሮ ገባን። እሷ የወደቀውን አገዳ ቀስ ብላ ታቀናለች፤ እኔ ሥሩን አፈር አስታቅፈዋለሁ። የተሰበረው ጥቂት ነበር፤ አብዛኛው ጋደል ብሎ ነው እንጂ ሥሩ አልተነቀለም። ጎረቤቴ የቀረ ብቅሏን ልታይ ስትወጣ ጭቃ ውስጥ አገኘችን።

«እናንተ፣ ስልኩ ከመቃብር ወጣ?»

«ገና ነው እትዬ፤ ያጉረመርማል» አልኳት።

ሰማዩን አየች። ጠርቷል። እኔን አየች፣ ልጄን አየች። «እንዲያ ከሆነማ ምን ልታደርጉ ወጣችሁ?» አለችና መልስ ሳትጠብቅ ብቅሏን ወደ መልቀም ጎንበስ አለች።

ስልኩን ያወጣችው አመሻሽ ላይ ራሷ ናት። ይዛው ከቤቱ ጀርባ ዞረች። ስታወራ ድምፁ ይሰማኛል፤ ቃሉ አይሰማኝም። ጠጋ ብዬ ማዳመጥ እችል ነበር፤ ግን ድስቱን ማማሰል ያዝኩ። ስትመለስ አልጠየቅኋት፤ እሷም አልነገረችኝም። እግሯን ታጥባ አጠገቤ ተቀመጠችና እራት ቀረበ።

ጥቂት ጎርሳ እጇን ገታ አደረገች።

«እማ፣ ይሄ በቆሎ ለእሸት መቼ ነው የሚደርሰው?»

«ወደ መስከረም አጋማሽ» አልኳት፤ «ኢንሻአላህ።»

«ኢንሻአላህ» አለች።

ቀጥላ የምትለውን አውቀዋለሁና ጉርሻዬን በእጄ እንደያዝኩ ጠበቅሁ። እኔማ ለእሸቱ አልደርስም የሚለውን ጠበቅሁ። አላለችውም።