የግራኟ ስፌት

ቅጠል መርገፍ በጀመረ ሰሞን የሰፈሩ ሰው ሁሉ የተማከረ ይመስል በአንድ ጠዋት ብርድ ያስታውሳል። ትናንት መስኮቱን ከፍቶ ያደረው ሰው ዛሬ በበሩ ሥር የሚገባውን ነፋስ ይረግማል። ከሣጥን የወጡ ብርድ ልብሶች የብል መድኃኒት እየሸተቱ አጥር ላይ ይሰጣሉ፤ የመስኮቱ ስንጥቅ በአሮጌ ጨርቅ ይወተፋል። ከዚያ አንዷ ሴት ፍራሿን በእጇ ጫን ታደርግና «ኧረ ይሄስ ድንጋይ ሆኗል!» ትላለች። ያን ጊዜ የጥጤ ወራት ገባ ማለት ነው።

ጥጤ ፍራሽ አዳሽ ነው። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውስ ቢኖር ከመታወቂያው በቀር ማንም የለም። ሠላሳ ዓመት ጥጥ ሲነድፍ ብናኙ ቅንድቡ ላይ እየተቀመጠ ሰፈሩ ጥጤ አለው፤ አሁን ቅንድቡ በራሱ ጊዜ ስለሸበተ ስሙ ይበልጥ ልኩ ሆኗል። ሥራው ለሚያየው ቀላል ነው። የፍራሹን ጠርዝ ይተረትራል፤ ተጋግሮ ጡብ የሆነውን ጥጥ አውጥቶ ፀሐይ ያስመታዋል፤ ከዚያ በደጋኑ ነድፎ እንደ ገና ያስነሳውና መልሶ ሞልቶ ይሰፋዋል። የመጨረሻው ብቻ የእሱ ሥራ አልነበረም። ስፌቱ የሚስቱ ነበር።

ሚስቱ ግራኝ ነበረች። ሰፈሩ ግራኟ ሲላት እሱ ግራዬ ይላት ነበር። በቀኝ እጅ የተሰፋ ጠርዝ ክሩ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል፤ የእሷ ወደ ሌላው ነው። ደንበኛ ይህን አይቶ «ምነው ተጣመመ?» ሲላት «ስፌቴ እንደ ባሌ ነው፤ ሰው ሁሉ በሄደበት አይሄድም» ትልና ጥጤን ታስቀው ነበር። እሱ ግቢው ውስጥ ሲነድፍ፣ እሷ ደጃፉ ላይ ስትሰፋ፣ ሲነታረኩም ሲስቁም፣ ሠላሳ የብርድ ወራት እንዲህ ገብተው ወጡ።

ከሞተች ይኸው ሦስተኛ መጸው ነው። ብርዱ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ደረቷን አመማት፤ በአራተኛው አልነበረችም።

ፍራሽ ደግሞ በዓመት በሁለት ዓመቱ መታደሱ አይቀርም። እንግዲህ ጥጤ ያለፉትን ሁለት ዓመታት ምን ሲሠራ እንደ ከረመ ማንም ልብ አላለም፤ የሚስቱን ስፌት በገዛ ምላጩ ሲተረትር ነው የከረመው። ሰው ፍራሹን ተሸክሞ ሲመጣ መጀመሪያ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ይዳብሳል። ክሩ ወደ ግራ ካዘነበለ የእሷ ነው። ግን ምን ብሎ እምቢ ይበል? ሰው ፍራሹን የሚያመጣው ሊታደስለት እንጂ ሊለቀስበት አይደለም። ጥርሱን ነክሶ ይተረትራል። ዘንድሮ የመጡት ሁሉ ወደ ቀኝ ያዘነበሉ፣ የራሱ የጥጤ ስፌቶች ናቸው። የእሷ አንድ ብቻ ቀርቷል፤ እሱም የራሱ አልጋ ላይ ያለው ነው።

በዚህ መሃል ልጁ መጣች። ባሏ ለሥራ ራቅ ወዳለ ቦታ ሄዶባት፣ መውለጃዋም ደርሶ፣ ወልዳ እስክትጠነክር አባቷ ቤት ልትከርም ነው። ጥጤ ደስታውን መያዣ አጣ። አልጋውን ለቀቀላት፤ ለራሱ ማድ ቤቱ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ አነጠፈ። በማግስቱ ጠዋት ልጅቱ ወገቧን በሁለት እጇ ደግፋ ብቅ አለች።

«አባዬ፣ ይሄ ፍራሽ ነው ወይስ አስፋልት?»

«ጠንካራ ነገር ላይ መተኛት ለወገብ ጥሩ ነው ይላል ሐኪም።»

«የቱ ሐኪም?»

«ሐኪሙ ነዋ!»

ከዚያ ወዲያ ያለው ሳምንት የምክንያት ሳምንት ነበር። ዛሬ አድስልኝ ስትለው «ፀሐይ የለም» ይላታል። ፀሐይ ሲወጣ «ነፋሱ ጥጡን ይበትነዋል» ይላል። ነፋሱ ሲቆም «የሰውን ሳላደርስ የራሴን? ይነቅፉኛል» ይላል። ውኃ የማያነሳ ምክንያት መሆኑን ራሱም ያውቃል፤ ልጅቱም እንደምታውቅ ያውቃል። እውነቱን ሊነግራት ግን አፈረ። በዚህ ዕድሜው፣ የልጅ ልጅ ሊያይ ደጅ ላይ የቆመ ሰው፣ ክር እንዳይበጠስብኝ ብዬ ነው ይበል?

ቀኑ ደግሞ አይጠብቅም። ግቢው ውስጥ ጥጥ የሚያሰጣበት ፀሐይ ያረፈባት ቦታ በየቀኑ እየጠበበች ሄደች፤ ከቀትር በኋላ ከዛፉ ሥር ተነሥታ አጥሩን ትወጣና ትጠፋለች። ውኃው ጠዋት ጠዋት እጅ ያደነዝዛል። ሰው በሙቀት ጊዜ ቤቱን ረስቶት ውጭ ውጭ ይላል፤ ብርድ ሲመጣ ገብቶ በሩን ይዘጋል፤ በሩን ሲዘጋ ነው ቤት ውስጥ ማን እንደሌለ የሚያየው። ግራኟ በብርድ ጊዜ በረዶ የመሰለ እግሯን ባቱ ላይ ትለጥፍበት ነበር። ሠላሳ ዓመት «ተይ አንቺ ሴትዮ!» እያለ ጮኸባት። አሁን አግዳሚው ላይ ተኝቶ ያ ቀዝቃዛ እግር ይናፍቀዋል። ይሄን ለማን ይናገሩታል?

አንድ ጠዋት ጥጤ ሁለት ፍራሽ በጋሪ ጭኖ ለባለቤቶቹ ሊያደርስ ሄደ። ሲመለስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ባለ ሱቋ ጎረቤቱ አጥሩ ላይ ተንጠልጥላ በሣቅ ትንፈራፈራለች።

«ጋሽ ጥጤ፣ እኔ ልሙት! ፍራሽ አዳሽ ቤት ፍራሽ አዳሽ ተጠራ!»

ሲገባ የራሱ ፍራሽ ግቢው መሃል ሰሌን ላይ ተዘርግቷል። ላዩ ላይ የተንበረከከው ከድልድዩ ማዶ የሚሠራው ተፎካካሪው ነው፤ ኮፍያ ከራሱ ስለማይወርድ ባለ ኮፍያው ይሉታል። ልጅቱ ሆዷ ላይ እጇን ጣል አድርጋ፣ ነገሩ እንደ ተቃናለት ሰው ፈገግ ብላ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ሰውዬው በመንገዱ ላይ «ፍራሽ አዳሽ!» እያለ ሲያልፍ ሰምታ ጠርታዋለች።

«ምላጭህን ከእሱ ላይ አንሣ!» ጥጤ የጮኸው ጩኸት ባለ ሱቋን ከአጥሩ አወረዳት።

«ጋሽ ጥጤ፣ ይረጋጉ እንጂ» አለ ባለ ኮፍያው። «ልጅዎ ናት የጠራችኝ። ሰው ቤት ዘልዬ አልገባሁም።»

«እኔ ነኝ አባዬ፤ እሱን አትቆጣው» አለች ልጅቱ። «አንተ እስክታድስልኝ እኮ ልጄ ተወልዶ ሚስት ያገባል።»

«ታዲያ በሰው ፊት ታዋርጂኛለሽ? ሠላሳ ዓመት የሠራሁበት ሰፈር ምን ይለኛል? የጥጤ እጅ ዛለ አይለኝም? ደግሞስ...» አለና የፍራሹን ጠርዝ በመዳፉ ሸፈነ። ይህን ያየችው ልጅ በርጩማውን ትታ ተነሣች።

«እናትሽ ናት የሰፋችው» አላት። «የመጨረሻው ነው። ሌላውን ሁሉ እኔው ፈትቼዋለሁ።»

ልጅቱ ክው አለች። ባለ ኮፍያው ምላጩን ኪሱ ከተተ፤ ኮፍያውንም አወለቀ፤ ለካ መላጣ ነው። አጎንብሶ ጠርዙን በጣቱ ነካ።

«ወይ ጉድ! እንዲህ ያለ ስፌት እኔም ጋ መጥቶ ያውቃል። ማን ይሆን እንዲህ አጥብቆ የሚሰፋ እል ነበር። አላወቅሁም ጋሼ፤ ይቅር ይበሉኝ። ይቺን ያህል ቆርጫለሁ።» በጣቶቹ ለካለት፤ አንድ ስንዝር ናት። «ነፍስ ይማር» አለና ደጋኑን ትከሻው ላይ ጥሎ ወጣ።

አባትና ልጅ ፍራሹን ከበው ቆሙ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ልበልሽ? ክር ናፈቀኝ ልበልሽ?»

ልጅቱ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «እንተወው በቃ። ወለል ላይ አንጥፌ እተኛለሁ።»

ጥጤ ልጁን አያት። ሆዷ ገፍቷል፤ እግሯ አብጧል፤ ስትቆም አንድ እጇ ሳታውቀው ወገቧን ይደግፋል። ነፋሱ ከዛፉ ላይ የቀረውን ቅጠል ያወርዳል። እዚህ ብርድ ውስጥ፣ ወለል ላይ?

«እናትሽ ይሄን ብትሰማ እኔን በፍራሽ መርፌ ትወጋኝ ነበር» አለና ሰሌኑ ላይ ተቀመጠ።

በምላጭ አልነካውም። በመርፌው ጫፍ አንድ በአንድ እያነሣ ክሩን ሳይበጠስ ሊያወጣው ሞከረ። ጠቅልሎ ሊያስቀምጠው አስቦ ነበር። ክሩ ግን በስብሷል፤ ጣት በሚያህል ቁመት ብጥስ ብጥስ ይላል። ትንፋሹን ይዞ ታገለው፤ እምቢ አለ። ሃያውን ከበጠሰ በኋላ ተወውና ቁርጥራጩን የረገፈው ቅጠል መሃል ጣለው። የሚቀመጥ ነገር አልነበረም። ይሄ አመመው፤ ሚስቱ ለሁለተኛ ጊዜ የሄደች ያህል አመመው።

ከዚያ በኋላ ሥራ ነው። ጥጡን አወጣ፣ ፀሐይዋ ሳታመልጠው አሰጣ፣ ነደፈ። ደጋኑ እየዘመረ ጥጡ ተነሣ፤ ቅንድቡ እንደ ገና ነጣ። ልጅቱ እሳት ልታያይዝ ገባች። ጥጡን ሞልቶ፣ ጠርዙን አጣጥፎ ሲያበቃ ፀሐይዋ አጥሩን ዘልላ ነበር። በብርድ ወራት ምሽት ሳይታሰብ ነው የሚመጣው። መርፌውን ወደ ሰማይ ቀና አድርጎ ቀዳዳውን ፈለገ፤ ክሩ በዚህም አለፈ በዚያም አለፈ እንጂ አልገባም። ጣቱ ደንዝዟል፤ ዓይኑም ከድቶታል።

«ግራዬ፣ እስቲ ክሩን አስገቢልኝ!» ብሎ ተጣራ።



«አቤት! መጣሁ» የሚል ድምፅ ከቤት ውስጥ ተሰማ።

ልጅቱ ወጣች። መርፌውን ከእጁ ወሰደች፤ የክሩን ጫፍ በከንፈሯ አርጥባ አስገባችው፤ ቋጥራ ሰጠችው። ከዚያም ተመልሳ አልገባችም። ቀስ ብላ አጠገቡ ተቀመጠችና መርፌው የሚሄድበትን ጠርዝ በሁለት ጣቷ ገጥማ ያዘችለት።

ጥጤ የጠራው ማንን እንደሆነ የገባው ሦስት ስፌት ከሄደ በኋላ ነው። እጁ ቆመ። ቀና ብሎ ሊያያት አልደፈረም።

«ስፋ አባዬ» አለችው፤ «ሊጨልምብን ነው።»

እንባውን በክንዱ ጠረገና መስፋቱን ቀጠለ።