ሆራ የመሰለው ውሃ

እኔ ብርድ አልወድም። ይህን የሚያውቅ ሁሉ ከሮቤ ሳነቴ ተራራ ድረስ ሐይቅ ልለካ ስወጣ ይስቅብኛል። ምን ላድርግ፣ እንጀራዬ ነው። በበጋም በክረምትም እየወጣሁ ከዚያው ከአምናው ቦታ፣ ከዚያው ዳር ውሃ እቀዳለሁ። ቦታው ከተዛነፈ ውሃው ይለወጥ እኔ ልሳሳት አይታወቅም። ሾፌራችን ግን አንድን ውሃ ስንት ጊዜ ነው የምትቀጂው እያለ ያበሽቀኛል።

ሐይቁ አጠገብ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ድርቁ ከብቶቻቸውን ጨርሶባቸው ጥቂት ላሞች ብቻ ቀርተዋቸዋል፤ ቤተሰቡ የሚያድረው በእነዚያ ወተት ነው። ገና ሰላምታውን ሳንጨርስ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ ውሃው ለላሞቼ ይሆናል ወይ? እኔም ይሆናል እላቸው ነበር፤ ይሆንም ነበር።

ባለፈው በጋ ስንወጣ ግን በሳቸው በኩል ያለው ዳር አረንጓዴ ሆኗል። ቅጠል አይደለም፣ ሣር አይደለም፤ ቀለም የደፉበት ነው የሚመስለው። ከወዲያ ማዶ ውሃው እንደ ድሮው ጥርት ብሏል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲዞር ያ አረንጓዴ ከዳሩ ተነቅሎ ቀስ እያለ ወደ ሌላው ጥግ ሄደ። ዳክዬ የሚባል የለም። ወትሮ ከጉድጓዱ ብቅ ጥልቅ የሚለው ፍልፈል እንኳ አይታይም። ወይ ጉድ! ስንት ዘመን ሐይቅ ውስጥ የኖረ እጄ፣ ያን ቀን ጠርሙሱን ነክሮ ቶሎ አወጣው።

ሽማግሌው ግን ደስ ብሏቸዋል። ባሌ ውስጥ ከብት በየጊዜው ሆራ ይወርዳል፤ ሆራ ጨው ጨው የሚል፣ ሽታውም መልኩም ከሌላው የሚለይ ውሃ ነው፣ ከብት ያፋፋል። እሳቸውም ሐይቁ ውስጥ ሆራ የፈለቀ መሰላቸው፤ አላህ ለቀሩት ላሞቼ ላከልኝ አሉ። ውጤቱ እስኪታወቅ አንዲት ላም እንዳትቀምሰው ብዬ ለመንኳቸው። ሩቅ ወዳለው ወንዝ ሊነዷቸው ቃል ገቡልኝ።

ከቀናት በኋላ ሮቤ ላቦራቶሪ ውስጥ ውጤቱን አየሁት። አረንጓዴው አልጌ ነው፤ ከብት የሚገድል መርዝ አለው። ለሽማግሌው ስልክ ብደውል ኔትወርክ የለም። በነጋታው ሾፌሩን እያጣደፍኩ ወጣን።

ሳነቴ በጉም ተውጧል። ጅብራ የሚባሉት ረጃጅም ተክሎች ሰው መስለው ቆመዋል፤ አንዱን ሽማግሌው መስሎኝ እጄን አንስቼለት ነበር። ወደ ሐይቁ በእግሬ ስወርድ ላም ለውሃ ሲጠሩ የሚያዜሙት ዜማ ይሰማኝ ጀመር። ከግራ ነው ስል ከቀኝ ይመጣል። ብጮህም ዜማው አላቋረጠም። ደሜ ፈላ፤ እንዲያ ለምኛቸው እንዴት ይነዷቸዋል እያልኩ፣ ፈራሁም፣ እየሮጥኩ ደረስኩ።

ላሞቹ ከውሃው ራቅ ብለው ቆመዋል፤ ገና አልጠጡም። ተመስገን አልኩ። ሽማግሌው አረንጓዴው ዳር ቁጭ ብለው እየጠሯቸው ነው። ቀና ሲሉ የዓይናቸው ነጩ ቢጫ ሆኗል።

"ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ቃሌን አላጠፍኩም" አሉኝ። "አንቺ በጠርሙስ ወሰድሽው፤ እኔ ደግሞ ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት እየጠጣሁ አየሁት። ይኸው አልሞትኩም። አሁን ላሞቼ ይጠጡ?"

ማልቀስ አማረኝ። አይጠጡ አባባ፣ መርዝ ነው አልኳቸው። ተነስተው ላሞቹን በዱላቸው እየገፉ ከውሃው አራቋቸው፤ ሁሉም ፊታቸውን እስኪያዞሩ ድረስ አልተቀመጡም። ከዚያ መሬቱ ላይ ዘፍ አሉ።

"እኔስ?" አሉኝ።

ሾፌሩን ጠርቼ ሁለታችን ደግፈን መኪና ውስጥ አስገባናቸው። እስከ ጎባ ሆስፒታል ድረስ እጃቸውን ይዤ ሄድኩ።