ጣሪያው ላይ የቆመው ሰውዬ

ባለቤቴን ሰፈሩ «ኢንጂነር» ይለዋል። ድልድይ ሠርቶ እንዳይመስላችሁ፤ ስልሳ ዓመት የሞላው የሱቅና የፀጉር ቤት ማስታወቂያ ሲሥል ነው። ስሙ የወጣለት መስመር ስለሚያበዛ ነው። ምሳ አቀርባለሁ፤ እሱ «ዓይን ከዚህ ይገባል፣ እዚህ ጋ ያርፋል» እያለ ሳህን ያሰልፋል። ምግቡ ይቀዘቅዛል።

ዘንድሮ ትምህርት ቤቱ የግቢውን ረጅም ግድግዳ ሰጠው። ከአርባ ዓመት በፊት ሰፈሩን ጎርፍ ሲወስደው ሰዎች ገመድ ዘርግተው እንዴት እንደተሻገሩ፣ ልጆች እንዲያዩት በሥዕል እንዲተርክ ነው። ንድፍ ሠርቶ ወሰደ፤ ኮሚቴው መለሰው። ሁለተኛ ሠራ፤ ያንንም መለሱት። ዳይሬክተሯ «ጋሼ፣ ሥዕሉ ያምራል፤ ግን ሰዎቹን ሳናይ ዓይናችን ጣሪያ ላይ ይወጣል» አለችው። እስከ ሐሙስ ካላስተካከለ ግድግዳው ላይ የታተመ ባነር ሊለጠፍበት ነው። በዕድሜው አንድ ጊዜ ከመቀስና ከማበጠሪያ የሚበልጥ ነገር ሊሥል አግኝቶ፣ በባነር ሊቀማ!

ረቡዕ ከሰዓት ሦስተኛውን ንድፍ ወለል ላይ ዘርግቶ ይዞረዋል። አንዴ ገልብጦ ያየዋል፣ አንዴ በመስታወት ያየዋል። የሌላ ሰው ሥዕል ሲሆን ገና ከበር ላይ ስህተቱን የሚያወጣ ሰውዬ የራሱን ማየት አቃተው። እኔ ደግሞ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ጨርቅ ሲጨማደድ የቱ ጋ እንደተያዘ አይጠፋኝም። ትዕግሥቴ አለቀና «እስቲ ዞር በል» አልኩት።

ስፒልና ቀይ ክር አምጥቼ የሥዕሉን አቅጣጫ ሁሉ በክር ተከተልኩ፤ የገመዱን፣ የተዘረጉትን እጆች፣ የውሃውን፣ የዘመመውን የመብራት ምሰሶ። ክሮቹ ሄደው ሄደው አንድ ቦታ ተገናኙ። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እጁን አጣጥፎ የቆመ፣ አውራ ጣት የማያክል ሰውዬ።

«ይሄ ሥራ ፈት ደግሞ ማነው?» አልኩ እየሳቅኩ። «ሰው ይሰምጣል፣ እሱ ሽርሽር ወጥቷል እንዴ?»

«እኔ ነኝ» አለ።

ምነው ምላሴን በቆረጠው! እኔ ወደዚህ ሰፈር ያገባሁት ከጎርፉ በኋላ ነው፤ ወሬው ሲነሣ «እዚያ ነበርኩ» ይልና ጭጭ ይላል። ለካ በሃያ ዓመቱ፣ ጓደኞቹ ገመድ ይዘው ውሃ ውስጥ ሲገቡ፣ እሱ ዋና ስለማይችል ፈርቶ ጣሪያው ላይ ቀርቷል። ያነሣበት ሰው የለም፤ እሱም ለማንም አልነገረም። ሠላሳ አምስት ዓመት አብሬው ኖሬ ለእኔ እንኳ! አንጀቴን በላኝ።

«እንዳልሰርዘው ደግሞ ውሸት ይሆናል» አለ።

«ማን ሰርዝ አለህ? ቁም እዛው! ግን ጎርፉ የመጣው አንተን ሊያሳፍር ነው እንዴ? ሰፈር ሙሉ ሰው እያለ፣ እጁም ገመዱም አንተን ይጠቁም?»

ተናደደና እርሳሱን ወረወረው። ቆይቶ ራሱ ጎንበስ ብሎ አነሣው። እኔ ክሮቹን አንድ በአንድ ነቅዬ፣ ልጇን አዝላ ገመዱን የጨበጠችው ሴት ላይ ሰካኋቸው። እሱም እየተነጫነጨ ገመዱን ዝቅ አደረገ፣ ምሰሶውን አቃና፣ እጆቹን ወደ እሷ አዞረ። ጣሪያው ወደ ዳር ሄደ። ሰውዬው ግን አልወረደም።

ኮሚቴው ሐሙስ ዕለት ሳያንገራግር ተቀበለው። ሁለት ወር ሙሉ መሰላል ላይ ዋለ፤ እኔም ምሳ እያመላለስኩ ደከመኝ።

ሥዕሉ ባለቀበት ቀን አንዲት አሮጊት ምርኩዛቸውን ይዘው መጡ። ያኔ ልጃቸውን አዝለው የተሻገሩት እሳቸው ናቸው። ራሳቸውን አዩና «ምነው አወፈርከኝሳ!» ብለው ሳቁ። ከዚያ በምርኩዛቸው ወደ ዳር ጠቆሙ። «ይሄስ?»

ባለቤቴ ብሩሹን አስቀመጠ። «እኔ ነኝ፣ እማማ። ዋና አልችልም ነበር። ፈርቼ ቀረሁ።»

«አውቃለሁ፤ አየሁህ እኮ» አሉት። «ኧረ እንኳንም ቀረህ! እኔ ውሃው መሃል ሆኜ ‹አምላኬ፣ ያንን ልጅ እዛው አቁምልኝ› እል ነበር። አንተ ደግሞ ብትገባ ማን ሊያወጣህ ነው፣ ልጄ? እጅ የት ተርፎን?»

ባለቤቴ ቀለሙ ያልደረቀውን ግድግዳ ተደግፎ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ።