ቀዳዳ ያለው ግንብ

ጉለሌ ያለው ቤታችን ጀርባውን ለእንጦጦ ተዳፋት ሰጥቶ የተቀመጠ ነው። ከበስተኋላ አፈሩን ደግፎ የያዘው አሮጌ የድንጋይ ግንብ በአንዱ ክረምት ተናደና ጭቃው የእናቴን መኝታ ክፍል ሞላው። እሷ ያን ሰዓት ጎረቤት ለቅሶ ሄዳ ነበር፤ እግዚአብሔር አወጣት። ታላቅ ወንድሜ ግን ቁርጡን ተናገረ፤ ለሚቀጥለው ክረምት ግንቡ ካልቆመ እናታችንን ቄራ አካባቢ ወዳለው ቤቱ ይወስዳታል። እሷ ፊት ለፊት አልተከራከረችውም። ዕቃ ስታጥብ ብቻ፣ ሠላሳ ዓመት የኖርኩበትን ቤት ትቼ የሰው ቤት ጥግ ልቀመጥ ነው እያለች ስታጉረመርም እሰማታለሁ።

ግንበኛ የመፈለጉ ነገር በእኔ ላይ ወደቀ። ያን ጊዜ አስተማሪ ነበርኩ፤ ያላገባሁ፣ ምላሴ ከእኔ ቀድሞ የሚሄድ። በደርግ ዘመን ሲሚንቶ እንደ ልብ አይገኝም። ቀበሌው በስንት ምልልስ የፈቀደልን ለአንድ ግንብ የሚበቃ ብቻ ነው። ግንበኛው ካበላሸው ሁለተኛ ዕድል የለንም።

መጀመሪያ የመጣው ወንድሜ የላከው ጎልማሳ ነው። እርሳስ ጆሮው ላይ ሰክቷል፣ በሁለት ቃል መሀል "ጓድ" ይላል፣ የመንግሥት ሕንፃ ላይ ሠርቻለሁ ይላል። ቦታውን ቆሞ በዓይኑ ለካና በሁለት ሳምንት አስረክባችኋለሁ አለን። ከሄደ በኋላ እናቴ "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" አለች። እኔ ግን ዊንጌት አጠገብ አምና የሠራውን ግንብ ሄጄ አይቼ ወደድኩት። ከላይ እስከ ታች ተለስኗል፤ እጅ ቢዳብሰው አይጎረብጥም።

አዲሱ ገበያ ያለ ባለሱቅ ደግሞ ሌላ ሰው ጠቆመኝ፤ ከወሎ የመጡ፣ በግንብ ሥራ የሸበቱ ሽማግሌ። ራሳቸው ይዘውኝ ሄደው ከገበያው ከፍ ብሎ ያለ ሥራቸውን አሳዩኝ። ግንቡ ቀጥ ብሎ ቆሟል። እግሩ ስር ግን በየእርምጃው ቡጢ የሚያስገባ ቀዳዳ አለ። ደሜ ፈላ። የሰው ሲሚንቶ እየቆጠቡ ለራሳቸው የሚያስቀሩ መሰለኝ፤ ይህንኑ አፍ አውጥቼ ነገርኳቸው። እሳቸው አልተቆጡም።

"ልጄ፣ ውሃ መውጫ ካላገኘ ግንቡን ይዞት ይወጣል" አሉኝና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ሰበብ ነው ብዬ ጎልማሳውን ልቀጥር ወሰንኩ። ቃላቸው ግን ሆዴ ውስጥ ቀርቷል። መጋቢት ላይ ደህና ዝናብ የጣለ ዕለት፣ ለማንም ሳልናገር ጃንጥላዬን ይዤ ዊንጌት ወረድኩ። ያ የወደድኩት ግንብ መሀሉ እንደ እርጉዝ ሆድ ተነፍቷል፣ ልስኑ ተሰነጣጥቋል። ከዚያ ሽቅብ ወደ ሽማግሌው ሥራ ወጣሁ። ከእያንዳንዱ ቀዳዳ ድፍርስ ውሃ እየተንፎለፎለ ወደ ቦዩ ይወርዳል፤ ግንቡ ንቅንቅ አላለም። በራሴ አፈርኩ።

በማግስቱ ቤታቸው ሄጄ አጥፍቻለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው።

"ዝናብ ነው የነገረሽ?" ብለው ሳቁ።

እኛ ቤት ሲመጡ ሜትር አላወጡም፣ ቱንቢም አልጣሉም። እናቴ የት እንዳለች ጠየቁና ፊቷ ቆሙ። "እህቴ፣ ውሃው በየት በየት በኩል ነው የሚመጣብዎት?"

ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም። ጎልማሳው አልጠየቃት፣ ወንድሜ አልጠየቃት፣ እኔም አልጠየቅኳት። እናቴ ከዘራዋን አንስታ ወደ ጓሮ ወጣች። ከባሕር ዛፎቹ መሀል ሲመጣ እዚህ ጋ ለሁለት ይከፈላል፣ ነሐሴ ላይ እዚያ ያቁራል፣ ወዲህ ደግሞ ከመሬት ስር ይመነጫል እያለች በከዘራዋ ጫፍ አሳየቻቸው። እሳቸው ባለችው ቦታ ሁሉ ለቀዳዳው ምልክት አንዳንድ ድንጋይ ያስቀምጡ ነበር። ቀና ብላ እንደዚያ ስትናገር ካየኋት ቆይቻለሁ። ያን ሁሉ ወር እኔና ወንድሜ እንደ ዕቃ የት እንደምናስቀምጣት ነበር የምንከራከረው።

ሽማግሌው አንዱን ድንጋይ ሦስት ጊዜ ሳያገላብጡ አያሳርፉም። ትዕግሥቴ ቢያልቅም ምላሴን ነክሼ ድንጋይ አቀብላቸው ነበር። ግንቦት ሲያልቅ ጨረሱ፤ ሲሚንቶውም በቃን።

ሐምሌ ገብቶ ዶፍ በወረደ ዕለት ወንድሜ አዲሱን ግንብ ስላላመነው መኪና ለምኖ እናቴን ሊወስድ መጣ። እሷ መኝታ ክፍሏ ውስጥ፣ በኋላ መስኮት በኩል ወንበር ስባ ተቀምጣለች። እሱ አንገቱን በመስኮቱ አውጥቶ ግንቡን አየና ደነገጠ።

"እማዬ፣ ያፈሳል እኮ! ተነሺ እንሂድ።"

እናቴ ከወንበሯ አልተንቀሳቀሰችም።

"እንዲያፈስ ነው የተሠራው" አለችው። "ይልቅ አንተ ዝናቡ ሳይጠናብህ ቶሎ ሂድ።"