በሊትር አሥራ አራት፦ በባለቤቴ አሮጌ ቱርቦ ከወልቂጤ ወደ ቡታጅራ

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከአዲስ አበባ የተነሳሁት የሟች ባለቤቴ የተካ መኪና በአንድ ሊትር ናፍጣ ስንት ኪሎ ሜትር እንደምትሄድ በራሴ ዓይን ለማየት ነው። መኪናዋ ሃያ ዓመት ያለፋት ባለ ቱርቦ፣ ማለትም ወደ ሞተሩ አየር የሚገፋ መሣሪያ ያላት፣ የናፍጣ መኪና ናት። ተካ ካረፈ ከዓመት በኋላ ቡታጅራ የሚኖሩት ዘመዱ ሐጂ ነስሩ፣ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት እንዲያመላልሱባት ሊገዟት ፈለጉ።

«ፋብሪካው የጻፈውን ተይው» አሉኝ በስልክ። «በእኛ ዳገት ስንት ትሄዳለች? እሱን ንገሪኝ።»

ተካ በሕይወት ሳለ «በሊትር አሥራ ሁለት!» እያለ ይኩራራባት ነበር። ያነጋገርኳቸው መካኒኮች ግን፣ በዚህ ዕድሜዋ ዘጠኝ ከሄደች እግዚአብሔርን አመስግኚ ነው ያሉኝ። ስለዚህ የሞተሩን ዘይት አየሁ፤ ሙሉ ነው። ሰበታ ላይ ናፍጣውን እስከ አፉ አስሞልቼ የኪሎ ሜትር መቁጠሪያውን ዜሮ አደረግሁና በወሊሶ አድርጌ፣ ሳልቸኩል፣ ጋቢና ውስጥ ብቻዬን ነዳሁ።

ወልቂጤ፣ አራት ሰዓት

መቶ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ነድቼ እንደገና ሳስሞላ አሥራ ሦስት ሊትር ላይ ሞልቶ ፈሰሰ። በሊትር አሥር ማለት ነው። ደስ አለኝ፤ ተካ አልዋሸም ለማለት ጥቂት ነው የቀረኝ።

የተካ ታላቅ እህት እትዬ ብርቄ ወልቂጤ ውስጥ የልብስ ስፌት ቤት አላት። ቡታጅራ ወዳለችው ልጇ ልትሄድ ስለነበር አብረን ልንጓዝ ተቀጣጥረናል። ቆጮ በአይብና በጎመን አቅርባልኝ፣ ከመብላታችን በፊት ዓይኗን ጨፍና ረጅም ጸሎት አደረገች። ሻንጣዋን ስንጭን የኋላውን በር ከፍታ አንገቷን አስገባችና፣

«ሙሽራዬ፣ ጀሪካኑ የታል?» አለችኝ። ከተካ ጋር ከተጋባን አሥራ ስምንት ዓመት ቢያልፍም አሁንም ሙሽራዬ ነው የምትለኝ።

«የምን ጀሪካን?»

«አይ፣ እንዲያው ነው» ብላ በሩን ዘጋችው።

ወደ አረቅጥ

ጉብሬን ካለፍን በኋላ መንገዱ ወደ ደጋው መውጣት ጀመረ። በቸሃ መንደሮች ጀፎሮው፣ ያ በእንሰት ጓሮዎች መሃል የተዘረጋው ሰፊ ሣራማ የመንደር መንገድ፣ ግራና ቀኝ ይታያል። ሰው ግን አልነበረበትም። ከብትም አላየሁም። ሁሉም ገበያ ወጥቶ ይሆናል ብዬ አለፍኩ። ከዚያ ጉሙ ወረደብን። የእንሰቱ ቅጠሎች እንደ ትልልቅ እጆች ከነጩ ውስጥ ብቅ ይሉና መልሰው ይጠፋሉ።

ፉጨቱን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ቱርቦ ማፏጨቱ አዲስ ነገር አይደለም። ይሄኛው ግን ከፍ ዝቅ ይላል፤ ትንፋሽ እንደሚሰበስብ ሰው ቆም ይልና እንደገና ይጀምራል። ተካ ጢሙን ሲላጭ እንዲህ ነበር የሚያፏጨው።

«ሰማሽ?» አለች እትዬ ብርቄ በቀስታ።

«ቱርቦው ነው።»

«የወንድሜን ፉጨት አጣዋለሁ ብለሽ ነው?»

የናፍጣውን መለኪያ ነበር የማየው። ይህን ሁሉ ዳገት ወጥተን ቀስቱ ንቅንቅ አላለም። መኪናዋም አትከብድም፤ ከኋላ የሚገፋት ያለ ይመስላል።

«ቀስ በይ እንጂ! እግርሽን አንሺ!»

«አንስቻለሁ» አልኳት።

እውነቴን ነበር። ሁለቱም እግሮቼ ወለሉ ላይ ናቸው፤ መኪናዋ ግን ዳገቱን እየጨመረች ትወጣለች። ፍሬን ስይዝ ትዘገያለች፣ ስለቅ መልሳ ትሸመጥጣለች። ከኋላችን መንገዱ ጨርሶ አይታይም። ጉም ነው ያልኩት ነገር ሰማያዊ እንደሆነና እንደሚሸት ልብ ያልኩት ዘግይቼ ነው። እትዬ ብርቄ የበሩን እጀታ ጨብጣ «በኢየሱስ ስም! በኢየሱስ ስም!» ትላለች። እኔ ደግሞ፣ አሁን ስጽፈው ያሳፍረኛል፣ «ተካ፣ ተው!» ብዬ ጮህኩ።

አረቅጥ፣ ስድስት ሰዓት ከሩብ

ከተማው መግቢያ ላይ መንገዱ ሜዳ ሲሆን ማርሽ አውጥቼ በፍሬን አቆምኳትና ቁልፉን ወደ ማጥፊያው አዞርኩ። ሞተሩ አልጠፋም። ቁልፉን ነቅዬ በመዳፌ ያዝኩት። ሞተሩ ጭራሽ ባሰበት፤ ጩኸቱ ወደ ሲቃ ተለወጠ፣ ጭሱ ሱቆቹን ዋጣቸው። ሰው ሁሉ ሸሸ። እትዬ ብርቄን ውረጂ ብያት እኔ ፍሬኑን እንደረገጥኩ ቀረሁ። ቁልፉ እጄ ላይ እያለ በምን እንደምትሠራ ሊገባኝ አልቻለም።

ከጭሱ ውስጥ ቱታ የለበሱ ሽማግሌ መጡና መስኮቱን በቡጢ መቱት።

«አምስተኛ ማርሽ አስገቢ! ፍሬኑን እንዳትለቂ! አሁን ፍሪሲዮኑን ባንዴ ልቀቂው!»

ለቀቅኩት። መኪናዋ ተንዘፈዘፈች፣ አንዴ ወደፊት ዘለለችና ጸጥ አለች። ያን የመሰለ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም።

ሽማግሌው ጋሽ ወልዴ ይባላሉ፤ የአካባቢው መካኒክ ናቸው። ኮፈኑን ከፍተው የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘዙ። ጫፉ ላይ አንዲት ጠብታ እንኳ የለም።

«ቱርቦው አርጅቶ ዘይት ወደ ሞተሩ ያሳልፋል» አሉኝ። «ሞተሩ ደግሞ ዘይቱን እንደ ናፍጣ ያቃጥለዋል። ለዚህ ነው ቁልፍ ያላቆማት። ናፍጣ አልበላችም ልጄ፤ የራሷን ዘይት ነው የበላችው።»

ለልኬቱ ብዬ ናፍጣ በጀሪካን አስመጥቼ ሞላሁ። ሰባ ኪሎ ሜትር ዳገት ወጥታ የወሰደችው አምስት ሊትር ብቻ ነው፤ በሊትር አሥራ አራት። ገና ቁጥሩን እያየሁት ሐጂ ነስሩ ደወሉ።

«አሰላሙ አለይኩም። እሺ፣ በሊትር ስንት ሄደች?»

አዲስ ዘይት ሞልቼ እስከ ቡታጅራ ብወርድ ማንም አያውቅም ነበር። ይህን ማሰቤን አልደብቅም። «ስደርስ እነግርዎታለሁ» ብዬ ዘጋሁ።

ጋሽ ወልዴ ወደ ቱርቦው የሚሄደውን የዘይት ቧንቧ ደፍነው፣ አየሩ በሌላ መንገድ እንዲገባ አድርገው፣ አዲስ ዘይት ሞሉልኝ። «አሁን ቱርቦ የላትም። ጉልበት አትጠይቂያት» አሉኝ።

ቁልቁል

ፉጨቱ የለም። መኪናዋ ጥቁር ጭስ እየተፋች ትንፏቀቃለች። ብዙ ከሄድን በኋላ እትዬ ብርቄ መስኮቱን እያየች ተናገረች።

«ተካ ወልቂጤ በመጣ ቁጥር ከጀሪካን ዘይት ይጨምርላት ነበር። በሊትር አሥራ ሁለት እያለ ስለሚመካባት፣ እንዳትነግሪያት ብሎኝ ነው።»

ጥቂት ሳቅሁ። ከዚያ ሳላስበው፣

«ሌላስ ምን አትንገሪያት ብሎሽ ነበር?» አልኳት።

የመንገዱን ዳር ይዤ ቆምኩ። ጉሙ መስታወቱ ላይ ተለጥፏል።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ወልቂጤ ይታከም ነበር» አለች በመጨረሻ። «ለመስክ ሥራ ነው ሲልሽ እኔ ቤት ነበር የሚተኛው። ከነገርሻት ደግሜ እዚህ አልመጣም አለኝ። ሕክምናውን እንዳይተው ፈርቼ ነው ሙሽራዬ።»

እኔ በመጨረሻዎቹ ሁለት ወራት ብቻ ነው የታመመ የመሰለኝ። አልጮህኩባትም፤ አላለቀስኩምም። ማርሽ አስገብቼ መንዳቴን ቀጠልኩ።

ቡታጅራ፣ ከዚያም ቤት

አሥር ሰዓት ላይ ሐጂ ነስሩ ደጃቸው ላይ ቆመው ጠበቁን። አሥራ አራት የሚለው ቁጥር እንዴት እንደመጣ፣ ያለ ቱርቦ ደግሞ ቁልቁለት ወርዳ እንኳ ቡታጅራ መግቢያ ላይ ስለካት በሊትር ሰባት እንዳልሞላች አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። መኪናዋን ዞረው አዩና ትንሿን ልጃቸውን ከጎማው አጠገብ ጎትተው ወደ ራሳቸው አስጠጉ።

«ልጆቼን ጭኜ ነበር እኮ ዳገት የምወጣው» አሉ። ገዟት፤ ቱርቦው ሳይቀየር ላያስነሷት ምለው።

እሑድ በሚኒባስ በቡኢ በኩል ተመለስኩ። አሮጌ ቱርቦ መኪና ላላችሁ የምለው ይህን ነው፦ ናፍጣውን በለካችሁ ቁጥር ዘይቱንም ለኩ፤ በጣም የሚያስደስት ቁጥር ስታገኙ ደግሞ ቆማችሁ ኮፈኑን ክፈቱ።

ቤት እንደገባሁ ጫማዬን ሳላወልቅ ለእትዬ ብርቄ ደወልኩ።

«በሰላም ገባሁ» አልኳት።

«ተመስገን። ደህና ነሽ ታዲያ?»

«አይደለሁም፣ እትዬ» አልኳት።

ስልኩን አልዘጋችም። እስኪመሽ አወራን።