ስብሰባ እስኪያልቅ የቆመ ደም

ከመተሐራ የተነሳሁት ማለዳ በባቡር ነው። ልጄ ዘነበች ናዝሬት ሆስፒታል ተኝታለች። ትርፍ አንጀቷን ኦፕራሲዮን ከሆነች በኋላ ትኩሳቱ አልለቅ ስላላት፣ ሐኪሙ «ዳግመኛ ትከፈት አትከፈት እንወስናለን፣ አባቷ ይምጣ» ብሎ ላከብኝ።

የፈንታሌን ጥቁር ድንጋይ አልፈን ወለንጪቲ ላይ ፓፓያ በስሙኒ ገዛሁላት። ናዝሬት ስደርስ ጋሪ ይዤ በቀጥታ ወደ ሆስፒታሉ።

ላቦራቶሪው ውስጥ አንድ ጎረምሳ ደሟን ቀጭን የመስታወት ቱቦ ውስጥ አድርጎ አቆመው።

«አባባ፣ ሰውነቷ ውስጥ የተቆጣ ነገር ካለ ቀዩ ቶሎ ይዘቅጣል። በአንድ ሰዓት ስንት እንደወረደ እናነባለን፤ ሰዓቱ ካለፈ ዋጋ የለውም» አለኝ።

ከልጄ ቱቦ ጎን የአንድ የወንጂ አገዳ ቆራጭ ደም ቆሟል፤ ልቡን ታሞ ነው። ሚስቱ ጫልቱ አግዳሚው ላይ አጠገቤ ተቀምጣለች። የደሙ ቁጥር ዝቅ ካላለ ከአልጋ አይወርድም ብለዋታል።

ወዲያው ደወል ተደወለ፤ ሠራተኛው ሁሉ የሚገባበት የፖለቲካ ውይይት ክበብ ነው። ጎረምሳው ቱቦዎቹን እንደቆሙ ትቶ ሄደ! በግድግዳው ሰዓት አንድ ሰዓት አለፈ፣ ሁለትም አለፈ። ከአዳራሹ መፈክር ይሰማል። ሲመለስ አየት አድርጎ ቁጥር ጻፈ።

«አንተ ልጅ፣ ምንድነው የጻፍከው?»

«ውጤት ነዋ።»

«ይሄ የስብሰባው ርዝመት ነው እንጂ የልጄ ደም አይደለም!»

«ስብሰባ መቅረት አይቻልም አባባ፣ እርስዎም ያውቃሉ።»

«አውቃለሁ። ድስት ጥዶ የሚሄድ ግን አላውቅም!»

ጫልቱ ጎሰም አደረገችኝ። «አባ፣ ቀስ! አብዮት ጠባቂ ይሰማል።»

«ይስማ! እሱም አንድ ቀን ይታመማል።»

ሐኪሙ እስኪመጣ ከበሩ አልነሳሁም። ሲመጣ ሁሉንም ነገርኩት። ጎረምሳውን ቢያየው መሬት መሬት ያያል። «የሁለቱም እንደገና ይቀዳ» አለ።

አሁን ጎረምሳው ከቱቦዎቹ ፊት ንቅንቅ አላለም። የልጄ ቁጥር ከፊተኛው ቢያንስም ከፍ ያለ ነው። ሐኪሙ ቁስሏን ከፈተው፤ መግል ወጣ፤ ትኩሳቱም ለቀቃት። የጫልቱ ባል ቁጥር ግን ዝቅ ብሎ ተገኘ፤ ሰውዬው ከአልጋ ውረድ ተባለ።

«አዩ አባባ፣ የልጅዎ ያው ሆነ» አለኝ ጎረምሳው።

«ለእሷስ ያው ነው። ያ ሰውዬ በስብሰባህ ታስሮ ሊተኛ አልነበር?»

ቱቦዎቹን ሰብስቦ ማጠብ ጀመረ።

ዘነበች ስትድን ይዣት በባቡር መተሐራ ገባሁ። ከዚህ ጉዞ የተማርኩትን ልናገር፦ ሕመምተኛ ለመጠየቅ የምትሄዱ፣ ስንቅ ብቻ አይበቃም። የሚናገር አፍም ይዛችሁ ሂዱ።