የአባቴ ተረከዝ

አንዳንድ ጧት ድሬዳዋ ላይ ስነቃ፣ ዓይኔን ከመግለጤ በፊት፣ ከአልጋዬ ሥር ያለው ወለል ይሁን ሣር ለይቼ አላውቀውም። እግሬን ከአንሶላው አውጥቼ አየር ላይ አንጠልጥዬ ጥቂት እቆያለሁ። በዚያች አፍታ ከደብረ ማርቆስ ወዲያ፣ ወደ ይጁቤ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለው የደብራችን ቅጥር ይመጣብኛል፤ የጽዱ ዛፍ፣ በጤዛ የራሰው ሣር፣ በሣሩ ላይ የተሰለፈው እግር ሁሉ። ከዚያ እረግጣለሁ። ሴራሚክ ነው፤ ሙቀቱም ከአሁኑ ጀምሯል። አማትቤ እነሣለሁ።

እግር ማየት የለመድኩት በልጅነቴ ነው። አባቴ የአቋቋም መምህር ናቸው፤ የማሕሌቱ ዜማ በመቋሚያ፣ በጽናጽልና በከበሮ፣ በእግር አረጋገጥም ታጅቦ እንዴት እንደሚቀርብ ያስተምራሉ። ተማሪዎቻቸውን በቅጥሩ ውስጥ ካለው ጽድ ሥር በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ያቆሟቸዋል። እኔ ከግንቡ ሥር ቁጭ ብዬ ስጠብቃቸው የሚታየኝ ከጉልበት በታች ያለው ብቻ ነበር። እናም የተማሪዎቹን ፊት ሳላውቅ እግራቸውን አወቅሁ። አውራ ጣቱ ወደ ጎን የተንሻፈፈውን፣ ተረከዙ እንደ በጋ መሬት የተሰነጣጠቀውን፣ ውስጥ እግሩ ጠፍጣፋ ሆኖ በጤዛው ላይ ሙሉ ዱካ የሚተወውን፣ የውስጥ እግሩ ቅስት ከፍ ብሎ የዱካው መሐል የሚጎድለውን።

ዜማው ይረዝማል፤ ጭጋጉ ከሣሩ አልተነሣም። ተረከዝ ቀድሞ ይነካል፤ ክብደቱ በእግሩ የውጭ ጠርዝ በኩል እንደ ውኃ ይሄዳል፤ ጣቶቹ ሥር ሲደርስ ይሰፋል፤ ከዚያ ተረከዙ ቀስ ብሎ መሬቱን ይለቃል። ይህን እያየሁ ስንት ጊዜ እንቅልፍ ወስዶኛል!

«ቀስ በል እንጂ! እህል አይደለም የምትወቃው!» የሚለው የአባቴ ድምፅ ነበር የሚያነቃኝ።

ዛሬ ልብስ እሰፋለሁ። የስፌት መኪናዬ በእግር የሚነዳ ነው፤ ተረከዝ ሲወርድ ጣት ይነሣል፣ ጣት ሲወርድ ተረከዝ ይነሣል። ቀትሩ ሲከብድ፣ ደጁ በሙቀት ጭር ሲል፣ እግሬ ከመርፌው ጋር ሳይሆን ከሩቅ ረድፍ ጋር የሚረግጥ ይመስለኛል።

አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ እናቴ ደወለች።

«አባትሽ ግድግዳ ይዘው ነው ከመኝታቸው የሚነሡ» አለችኝ። «ጥቂት ሲሄዱበት ይለቃቸዋል፤ ወደ ማታ ደግሞ ይብስባቸዋል። ብርድ ነው ይላሉ። እግራቸውን በጨው ውኃ ዘፈዘፍሁት፣ በቅቤ አሸሁት፣ ጠበሉንም አፈሰስሁበት። ንግሡ ደግሞ እየደረሰ ነው።»

ንግሡ እየደረሰ ነው ስትል ምን ማለቷ እንደሆነ ገብቶኛል። በዓመታዊው ንግሥ ታቦቱ ወጥቶ ሲቆም መዘምራኑ በፊቱ ወረብ ያቀርባሉ፤ ከበሮው ሲጠነክርም አብረው ይዘላሉ። አባቴ የቀኙ ረድፍ መሪ ናቸው። የአቋቋም ተማሪ ደግሞ መምህሩን መርጦ ነው የሚመጣ፤ ስሙን ሰምቶ፣ ሲረግጥ አይቶ ነው። እግሩ የከዳው መምህር ጋር ማን ይቀመጣል? አባቴ ይህን አፍ አውጥተው አልተናገሩም። ግን ከጽዱ ሥር ሌላ ሥራ የላቸውም፤ ፈልገውም አያውቁም።

መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠያይቄ ተነሣሁ። ሉማሜ ላይ አውቶቡሱ ለሻይ ሲቆም፣ ተሳፋሪው ሁሉ እየተንጠራራ ወርዶ የመጀመሪያ እርምጃውን እንደ ሽማግሌ ረገጠ። ሻዬን ይዤ ያን ሳይ ግድግዳ የያዙት አባቴ ታዩኝ።

አባቴ ከደጅ ተቀበሉኝ። ጉልበታቸውን ስሜ ቀና ስል እግራቸውን እንዳየሁ አወቁብኝ።

«ምን ያየሽ አንቺ?»

«ተረከዝዎን ነዋ፣ አባዬ። አልረገጡትም እኮ። በጣትዎ ነው የቆሙት።»

«ድሬዳዋ ልብስ ሰፊ ሆንሽ ያሉኝ ሐኪም ሆነሽ ነው ለካ» አሉ።

በማግሥቱ ደብረ ማርቆስ ወሰድኳቸው። ተራ የምንጠብቅበት አግዳሚ ላይ እንደ ልጅነቴ እግር እግሩን አየሁ። አንዲት እናት ንቃቃታቸው እስከ ሥጋው ጠልቆ የፕላስቲክ ጫማቸውን ከነካልሲው በእጃቸው ይዘዋል። አንድ ገበሬ ከቁርጭምጭሚቱ በታች በቀይ አፈር ጠንቅ ያበጠ እግሩን በነጠላው ሸፍኗል፤ ሸፍኖትም ሰው እንዳያየው ወደ ግድግዳው አዙሮታል። አንዲት የኮሌጅ ተማሪ ጥፍሯ ወደ ሥጋዋ ገብቶ በአንድ እግሯ ነጠላ ጫማ፣ በሌላው ሽፍን ጫማ አድርጋለች። መስኮቱ ላይ ፀሐይ አለ። እግሮቹ ሁሉ ከአንድ ረጅም መንገድ አብረው የመጡ መሰሉኝ።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ አንገቷ ላይ ማተብ ያሰረች ወጣት ናት። የአባቴን አውራ ጣት ወደ ኋላ ቀለስ አድርጋ በሌላው እጇ ተረከዛቸውን ከውስጥ በኩል ተጫነችው። አባቴ አልጮኹም፤ የመቋሚያቸውን ራስ ግን ጨበጥ አደረጉት።

«ጧት ከአልጋ ሲወርዱ የመጀመሪያዋ እርምጃ ናት የምታስጨንቅዎ አይደል፣ መሪጌታ?»

«ማን ነገረሽ?»

«እግርዎ ነዋ!» ብላ ሣቀች። ከዚያ በጣቷ ውስጥ እግራቸው ላይ መሥመር አሰመረችላቸው። «ከተረከዝዎ ተነሥቶ እስከ ጣቶችዎ ሥር የተዘረጋ ጠንካራ ጅማት አለ። ሲራመዱ ተረከዝዎ ተነሥቶ ጣትዎ ሲተጣጠፍ እሱ ይወጠርና ቅስቱን ይዞ ወደ ፊት ይገፋዎታል። ብዙ ሲቆሙበት ግን ይቆስላል። ተኝተው ሳሉ ተሰብስቦ ሊሽር ይሞክራል፤ ጧት ሲረግጡት ደግሞ ይጎተታል።»

«እንግዲህ ሌሊት የተሰፋውን ጧት እየተረተርሁት ነው በይኛ።»

«እንደዚያ ነው። ከአልጋዎ ሳይወርዱ ነጠላ በጣቶችዎ በኩል አዙረው ወደ ራስዎ ይሳቡት። ግድግዳ ተደግፈው የባትዎን ጅማት ያፍታቱ። ሶሉ ወፍራምና ለስላሳ የሆነ ጫማ ይግዙ፤ ቀኑን ሙሉ ያድርጉት። ጠንካራ ወለል ላይ በባዶ እግርዎ አይቁሙ።»

«እሺ ልጄ።»

«ቀኑን ሙሉ ነው ያልኩዎት።»

«ቀኑን ሙሉ» አሉ አባቴ። ውሸት አያውቁም።

ሊወጡ ሲሉ ዞሩና «በንግሡ ቀን ወረብ አለብኝ» አሏት።

ባለሙያዋ ወደ ተረከዛቸው አየች። «እስከዚያ ከተሻለዎ መቆም አይከለከሉም። መዝለል ግን ተዉ። ጅማቱ ቢቀደድ ብዙ ወር ያስተኛዎታል፤ ከዚያም በኋላ እንደ ድሮው ላይሆን ይችላል።»

ከዚያው በባጃጅ ጫማ ተራ ሄድን።

ጫማውን ገዛን። አባቴ እንደ ሥርዓት ያዙት። ጧት ጧት ነጠላቸውን በጣታቸው አዙረው እየሳቡ ይጸልያሉ፤ ከአልጋ ወርደው ጫማቸውን ያጠልቃሉ፤ ማታ ሲመለሱ ያወልቃሉ። እናቴ ስታያቸው «ሙሽራ መሰሉ እኮ» ትላለች። ቀን በቀን ላይ አለፈ። ተረከዛቸው ግን ያው ነው፤ እንዲያውም ባሰበት። ንግሡ ቀረበ። እናቴ ወደ ብርዱ ተመለሰች፤ እኔም ልቤ ተጠራጠረ። ሐኪሟ ተሳስታ ይሆን? በመኝታዬ ሰዓት ስጸልይ እግራቸውን ብቻ እያነሣሁ እንደምጸልይ ታወቀኝና አፈርሁ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ እሸቱን በቆሎ ጠብሳ እናቴ «ውሰጂላቸው» አለችኝ። ከደጀ ሰላሙ ደረስሁ። ጫማዬን አውልቄ ከግንቡ ሥር ላስቀምጥ ጎንበስ ስል የአባቴ ጫማ አጠገቤ ነው። አፉን ወደ መንገዱ አዙሮ ተቀምጧል። አነሣሁት። ሶሉ ገና አዲስ ነው፤ ከቤታችን እስከ ደጀ ሰላሙ ያለችውን አጭር መንገድ ብቻ ነው የሚያውቃት።

በእኛ ደብር ጫማ የሚወለቀው ከቤተ መቅደሱ ደጃፍ አይደለም፣ ገና ከቅጥሩ በር ነው። አባቴ ኪዳን ያደርሳሉ፣ ያስቀድሳሉ፣ ከዚያ ከጽዱ ሥር ሲያስተምሩ ይውላሉ። ቀኑን ሙሉ የሚባለው ቀናቸው ያለው ከቅጥሩ ውስጥ ነው። በባዶ እግርዎ አይቁሙ ሲባሉ እሺ ያሉት ከልባቸው ነው፤ እዚያ ጫማ ማውለቅ በባዶ እግር መቆም ሆኖ አልታሰባቸውም። ለእናቴም አልታሰባት። ይግረም ብሎ እኔም፣ ጫማዬን ከጫማቸው ጎን እያስቀመጥሁ ሰነበትሁ እንጂ አልታሰበኝም።

ለባለሙያዋ ሄጄ ስነግራት አፏን በእጇ ያዘች።

«እኔም እኮ ዛሬ አስቀድሼ ነው የመጣሁት! በባዶ እግሬ ቆሜ! አንድም ጊዜ መሪጌታ የት ይቆማሉ ብዬ ልጠይቅ አልመጣልኝም።» ከዚያ «ካልሲ ይፈቀዳል አይደል?» አለችኝ።

በዚያው ዕለት ሳይመሽ ለስፌት ተቀመጥሁ። ከአሮጌ የበግ ፀጉር ባና ላይ ሁለት ተረከዝ ቆረጥሁ፤ ደርቤ ሰፋሁት፤ ከቅስቱ ሥር ደግሞ ሌላ ቁራጭ ጨመርሁ። ከወፍራም ካልሲ ውስጥ አስገብቼ ዙሪያውን በእጄ ጠቀምሁት። አባቴ መነጽራቸውን አድርገው አገላብጠው አዩት።

«ይኼ ካልሲ ነው ወይስ የተደበቀ ጫማ?»

«ካልሲ ነው አባዬ። ቆዳ የለበትም፣ ሶል የለበትም።»

«ተማሪዎቼ ምን ይላሉ?»

«የኔታ እግራቸው ሞቀ ይላሉ!» አለች እናቴ ከጓዳ። «መሪጌታ፣ እርስዎ ሲያነክሱስ የሚሉትን ሰምተዋል? እኔ ሰምቻለሁ።»

አባቴ ካልሲውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። «ምን አሉ?» አሏት፤ ድምፃቸው አነሰብኝ።

እናቴ ወጣች። ቀልዷ ጠፍቶ ነበር። «የሚመጣው ዓመት ወዴት እንሄዳለን ተባብለው ሲጨነቁ ነው የሰማኋቸው። በበዓሉ ሲዘሉ ቢወድቁባቸው ማለታቸው ነው። ተቀምጠው ቢያስተምሩማ ማን ይሄድብዎታል?»

በማግሥቱ ጧት አባቴ ካልሲውን ለደብሩ አለቃ ወስደው አሳዩ፤ አለቃውም ዳሰሱና «ለእኔም ትሰፋልኛለች?» አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አባቴ ከጽዱ ሥር ቆመው ከማስተማር ይልቅ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ማስተማርን ለመዱ። ረድፉን የሚያስተካክሉት በመቋሚያቸው ጫፍ ነው። ጧት ግድግዳውን መያዝ ተዉ። ግን የንግሡን ቀን ምን እንደሚያደርጉ አልነገሩንም። እኛም አልጠየቅንም።

የንግሡ ዕለት ሰማዩ ጠራ። እኔና እናቴ በሴቶች በኩል ከግንቡ አጠገብ ቆምን። ታቦቱ ወጣ፤ ሕዝቡ እልል አለ፤ ጃንጥላዎቹ ከሕዝቡ በላይ ተንሳፈፉ። መዘምራኑ በሁለት ረድፍ ተሰለፉ። አባቴ ካባቸውን ለብሰው በቀኙ ራስ ላይ ናቸው። ካልሲያቸው ነጭ ነው። ዜማው በዝግታ ተነሣ። መቋሚያው ወደ ቀኝ ዘነበለ፣ ወደ ግራ ዘነበለ፤ አባቴ ከወገባቸው በላይ እንደ ገብስ ማሳ ናቸው፣ እግራቸው ግን ከቦታው አልተነሣም። ከበሮው መጠንከር ጀመረ። እናቴ ክንዴን ያዘች። ጥቂት ቆይቶ እግሮቹ ሁሉ ከመሬት እንደሚነሡ እናውቃለን፤ እሳቸውም ያውቃሉ።

ያን ጊዜ አባቴ ከጎናቸው ለቆመው ትልቁ ተማሪያቸው ቦታቸውን በመቋሚያ አመለከቱት። ተማሪው አልገባውም። አባቴ ትከሻውን ይዘው ወደ ራስጌው አሻገሩትና ከረድፉ ወጡ። ሕዝቡ መንገድ ለቀቀላቸው። ቀስ ብለው፣ ተረከዛቸውን አስቀድመው እየረገጡ፣ ወደ እኛ መጡና ከግንቡ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ፊታቸውን ማየት ፈራሁ።

ረድፉ ዘለለ። ማንም አልተበተነም። ትልቁ ተማሪ አንዴ ብቻ ወደ እኛ አየ፤ አባቴ እጃቸውን አወዛወዙለት፦ ቀጥል፣ ቀጥል። ከዚያ ታቦቱ ተንቀሳቀሰና ሕዝቡ ሁሉ ተከትሎ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ዞረ። እኛ ሦስታችን ቀረን። ሣሩ ባዶ ሆነ። ዜማው ከቤተ ክርስቲያኑ ወዲያ እየራቀ፣ ከጽዶቹ ጋር እየተቀላቀለ ሄደ፤ ከበሮው ከመሬት ሥር የሚመታ መሰለ፤ ጽናጽሉ ከሩቅ እንደሚወርድ ውኃ ነው።

አባቴ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ። በልጅነታቸው ረድፍ ከገቡ ወዲህ ከረድፉ ወጥተው አያውቁም።

«ከውጭ ሲሰማ እንዲህ ነው እንዴ?» አሉ።

«እንዲህ ነው» አለች እናቴ፣ ነጠላዋን እያስተካከለች። «እኛማ ስንሰማው ኖርን።»

አባቴ ካልሲ ያደረገ እግራቸውን ሣሩ ላይ ዘረጉት። እናቴ ከጎናቸው ተቀመጠች፤ እኔም ተቀመጥሁ፤ ዜማው ዞሮ እስኪመጣ ድረስ።